ልጁን የነከሰው ቡችላ ሞቷል፤ ምን እናድርግ?

የገጠር መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ስለሚያስቸኩል በቀጥታ ልግባ።

ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ከቡችላ ጋር ሲጫወት ቡችላው ባቱን ነከስ አድርጎታል። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ደም ወጥቶ ቆሟል። እንዳይቆጡት ፈርቶ ቤት አልተናገረም። እኔም ያወቅኩት ዛሬ ሱሪውን ሲሰበስብ ጠባሳውን አይቼ ስጠይቀው ነው።

ቡችላው ሞቷል። እንዴት ሞተ ብዬ ስጠይቅ "መብላት አቃተው፣ ጥግ ይዞ ተኛ፣ በዚያው ቀረ" አሉኝ። ቀብረውታል። አባትየው ደግሞ "ያበደ ውሻማ ይታወቃል፤ ለሃጩን እያዝረበረበ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ይሄ እኮ ገና ጥርስ ያወጣ ቡችላ ነው" ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጁን በጣም ይወዳል። ግን ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ሥራውም ወጥሮ ይዞታል፣ ቁስሉም ሊድን ነው።

ከተነከሰ ቀናት አልፈዋል። ረፍዶ ይሆን? አባቱንስ ምን ብዬ ላሳምነው?

የጤና ጣቢያ ሲስተር

መምህር፣ አልረፈደም። ግን ነገ አይበሉ፤ ዛሬውኑ ይሂድ።

ምልክት እስካልታየበት ድረስ ክትባት ለመጀመር ረፈደ አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከቁስሉ ተነስቶ ነርቭ ነርቩን ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። አንዳንዴ ግን ሳምንት ይበቃዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ክትባቱ የሚሠራው በዚህች መሃል ባለችው ጊዜ ነው። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ በኋላ በሽታው መዳኛ የለውም። ስለዚህ "ልጁ ደህና ነው እኮ፣ እየተጫወተ ነው" የሚለው ማጽናኛ አይሆንም። ደህና ሆኖ ሳለ ነው መድረስ ያለብን።

የቁስሉ ትንሽነት አያታልላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ንክሻን በሦስት ይመድባል። ደህና ቆዳን እንስሳው ከላሰው ወይም ከነካው አንደኛ ነው፤ መታጠብ ይበቃል። ደም ያልታየበት ጭረት ሁለተኛ ነው፤ ቁስሉ ይታጠባል፣ ክትባት ይጀመራል። ጥርስ ወይም ጥፍር ቆዳውን በስቶ ደም ካወጣ፣ ወይም ለሃጩ ዓይን፣ አፍ ወይም የተላጠ ቆዳ ላይ ካረፈ ሦስተኛው ነው። ያኔ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ውስጥና ዙሪያ የሚወጋ፣ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ተዘጋጅቶ የመጣ መከላከያ ይጨመራል። ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ቀናት ስለሚወስድ፣ ይሄኛው እስከዚያ ቦታው ላይ ሆኖ ይከላከላል። የእርስዎ ተማሪ ሦስተኛው ላይ ነው ያለው።

አሁኑኑ ደግሞ ቁስሉን እጠቡት። ቀናት ቢያልፉም ይታጠብ። በሳሙናና በወራጅ ውሃ፣ ለ15 ደቂቃ። የቫይረሱ ውጫዊ ሽፋን ስብ አለው፤ ሳሙና ያንን ያፈርስበታል። 15 ደቂቃ ግን ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው፣ ሁለት ደቂቃ አጥቦ የሞላ የሚመስለው ብዙ ሰው አይቻለሁ። ሰዓት ያዙ። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው ከላይ ያፍስስ፣ ሌላው በሳሙና ይሽ። ጥርስ የገባበትን ቀዳዳ ከፈት እያደረጋችሁ ውሃው ውስጡ ይግባ። ልጁ ያለቅሳል፣ ያልቅስ። ከዚያ አልኮል ወይም አዮዲን ካለ ይቀባ። አጥብቃችሁ አትሰሩት፣ ምንም ዱቄት፣ አመድ፣ ዘይት፣ በርበሬ አትነስንሱበት።

የከብት ሐኪም

ሲስተር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ቡችላው ልናገር።

"ያበደ ውሻ ይታወቃል" የሚለው እምነት ብዙ ሰው አስቀጥፏል። በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንዱ አባትየው የሚያውቀው ነው፦ የሚክለፈለፍ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ እንጨትና ድንጋይ ሳይቀር የሚያኝክ ውሻ። ሁለተኛው ዝምተኛው ነው። ውሻው ጨለማ ይመርጣል፣ ጌታው ሲጠራው አይነሳም። ታችኛው መንጋጋው ይወድቃል፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ ኋላ እግሩ ይዝላል፣ ይሞታል። ሰው ያዝንለታል እንጂ አይሸሸውም። "አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል" ብሎ አፉን በእጁ ከፍቶ የሚያይም አለ።

መምህር፣ የነገሩን ቡችላ ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ይመሳሰላል። በእርግጥ ቡችላ በብዙ ነገር ይሞታል። ማረጋገጥ የሚቻለው ግን አንጎሉ ላቦራቶሪ ሲመረመር ነው፤ እሱ ደግሞ ተቀብሯል። ስለዚህ እንደታመመ ቆጥሮ መሄድ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ዕድሜው ማነሱም ነገሩን አያቀልም። ቡችላ ከእናቱም ሆነ ከሌላ ውሻ ንክሻ ይይዘዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆች የሚያቅፉት እሱን ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር። የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለ አትግደሉት። አስራችሁ ወይም ዘግታችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። ቫይረሱ በለሃጩ ውስጥ የሚገኘው በሽታው ሊገለጥ ጥቂት ቀን ሲቀረውና ከተገለጠ በኋላ ነው፤ ከዚያም ውሻው ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። 10 ቀን ደህና ከቆየ በነከሰበት ሰዓት አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህ ሂሳብ ለውሻና ለድመት ነው የሚሠራው፤ ለቀበሮ፣ ለጅብ ወይም ለከብት አትጠቀሙበት። ደግሞ 10 ቀኑን የምትጠብቁት ክትባቱን ከጀመራችሁ በኋላ ነው። ውሻው ደህና ከሆነ ሐኪሙ የቀረውን ያቆመዋል፣ ምንም አትከስሩም።

የአዋቂ ልጅ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን የማውቀውን ልበል። አባቴ ለተነከሰ ሰው የባህል መድኃኒት ሥር ይሰጣል። ከብዙ መንደር ይመጣሉ፣ የዳኑትን በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬም ድረስ የሚያመሰግኑት አሉ። ይሄ ሁሉ ሰው ተሳስቷል ልትሉ ነው?

የጤና ጣቢያ ሲስተር

ወንድሜ፣ ስለ አባትህ ክፉ አልናገርም። ሰው ሌሊት በራቸውን ሲያንኳኳ ተነስተው የረዱ ሰው ናቸው።

ግን እንዲህ እየው። የሚናከስ ውሻ ሁሉ በሽታው የለበትም፤ አብዛኛው የለበትም። ስለዚህ አባትህ ዘንድ ከመጡት ብዙዎቹ ምንም ባይወስዱም አይታመሙም ነበር። የታመመ ውሻ ከነከሳቸውም ቢሆን ሁሉም አይያዝም። በወፍራም ልብስ ላይ የተነከሰ፣ ለሃጩ ጨርቁ ላይ የቀረለት ሰው ሊተርፍ ይችላል። ፊቱን ወይም አንገቱን የተነከሰ ግን ለአንጎል ቅርብ ስለሆነ አደጋው የከፋ ነው። የተረፈው ሰው ምስጋና ይዞ ይመለሳል። የሞተው ደግሞ ወራት ቆይቶ፣ ቁስሉ ከተረሳ በኋላ፣ እቤቱ ነው የሚሞተው። ከዚያች ንክሻ ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም። አባትህ ጋ የደረሰው የምሥራቹ ብቻ ነበር።

እኔ ከባህል መድኃኒት አዋቂዎች ጋር መጣላት አልፈልግም። ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደሚያምነው ነው። እነሱ "ና፣ በመጀመሪያ በሳሙና 15 ደቂቃ ላጥብህ፣ ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ" ቢሉ ከኔ ይልቅ እነሱ ብዙ ነፍስ ያተርፋሉ። አንተም ያንን ቃል ልታደርስ ትችላለህ።

ታናሹን ያጣች

ይህን ክር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድሜን የነከሰው የጎረቤት ውሻ ነው። እጁ ላይ ነበር፣ ቶሎ ዳነ። ከወራት በኋላ የዳነው ቦታ ይነዝረኛል፣ ያሳክከኛል ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ትኩሳት መጣ፣ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ውሃ ጠማኝ አለ። ኩባያውን ራሱ ተቀብሎ ወደ አፉ ሲያስጠጋው ጉሮሮው ተቆለፈ፣ አንገቱ ተገተረ፣ ኩባያውን ወረወረው። ይቅርታ እየጠየቀን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ውሃ ይለምነናል። በር ተከፍቶ ነፋስ ፊቱን ሲነካው እንኳን ያንኑ ይሆናል። በየመሃሉ አእምሮው ይመለሳል፣ በስማችን ይጠራናል።

መምህር፣ ለአባትየው ይህን ያንብቡለት። ማስፈራሪያ ነው እንዳይል። እኔ ቤት የሆነ ነው።

የገጠር መምህር

እህቴ፣ ነፍሱን ይማር። ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ።

ልጁን አጥበነዋል። አባቱ አጠገቤ ነው፣ የጻፋችሁትን አነበብኩለት። የአንቺን ሲሰማ ተነሳ። ለመሄድ እየተዘጋጀን ነው። አንድ ነገር ግን ያስፈራዋል፦ ድሮ ሰው ሆዱ ላይ ብዙ መርፌ ሲወጋ አይቷል። ልጁ ያንን ይችላል ወይ ይላል።

የጤና ጣቢያ ሲስተር

ያ የድሮው ክትባት ነው። ከእንስሳ አንጎል ይሠራ ነበር፣ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋል፣ ጉዳቱም ከባድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ ይቅር ሲል ቆይቷል። የዛሬው ላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድግ ሴል ላይ የሚዘጋጅ ነው፣ ክንድ ላይ ይወጋል፣ ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም ይሰጣል። በጣም ትንንሽ ለሆኑት ጭን ላይ ነው። መቀመጫ ላይ አይወጋም፣ እዚያ በደንብ አይሠራም።

ቀኖቹን አባትየው በደንብ ይያዙ። መጀመሪያ የተወጋበት ቀን ዜሮ ይባላል። ቆዳ ውስጥ የሚሰጠው በቀን 0፣ 3 እና 7 ነው፤ በየጊዜው ሁለት ቦታ ትንሽ ትንሽ ይወጋል። ጡንቻ ላይ የሚሰጠው በ0፣ በ3 እና በ7 ሆኖ አራተኛው ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የትኛውን እንደምትጀምሩ እዚያው ይነግሯችኋል። የቀጠሮ ካርዱን አትጣሉ። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ ካቆማችሁበት ይቀጥላል፣ ከሀ አይጀመርም። "አንዴ ተወግቷል፣ ይበቃዋል" ብሎ መቅረት ግን አይሆንም።

ኢሚውኖግሎቡሊን የለንም ካሏችሁ ክትባቱን ሳትጀምሩ አትመለሱ። እሱ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ትፈልጋላችሁ። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባቱንም ጠይቁ።

መንገደኛው

ሲስተር እዚህ ጋ ያሉት እኔ ላይ ደርሷል። ሚስቴ ስትነከስ አንድ ጤና ተቋም ሄደን "ክትባት አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኑ" ብለው መለሱን። የት እንደምናገኝ እንኳን የነገረን የለም። ሰው ዶሮ ሳይጮህ ተነስቶ እዚያ ደርሶ እንዲህ ሲባል ሁለተኛ አይሄድም። ይህን የምለው ለጤና ሠራተኞች ነው፤ "የለም" ካላችሁ "እዚያ አለ" ጨምሩበት። ደውላችሁም አረጋግጡልን።

የጤና ጣቢያ ሲስተር

ልክ ነዎት። እኛ ዘንድ ሰው ንክሻ ይዞ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ቁስሉን አጥበን፣ ደውለን፣ ክትባቱ ያለበትን አረጋግጠን ነው የምንልከው። ሁሉም ቦታ እንዲህ ቢሆን እመኛለሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ማቀዝቀዣ የሌለው ቦታ ሁሉ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ከመነሳት በፊት መደወል የተጎጂውም ቤተሰብ ልማድ ይሁን። መምህር፣ እናንተም ደውላችሁ ተነሱ።

ላም ያለው

በዚሁ ልጠይቅ። አንዲት ላሜ ሳታቋርጥ ትጮኻለች፣ ድምፅዋ ሻክሯል፣ ለሃጭዋ ይንጠባጠባል፣ ሣር አትውጥም። ጉሮሮዋን ለማየት እያሰብኩ ነው። ወተቷን ልጆቹ ጠጥተዋል፣ አፍልተን ነው የምንሰጣቸው።

የከብት ሐኪም

እጅዎን አፏ ውስጥ እንዳያስገቡ! ይህን ምክር የምደጋግመው ስንት ገበሬ በዚህ እንደተጋለጠ ስለማውቅ ነው። እንዲህ የምትሆን ላም የሆነ ነገር የተሰነቀረባት ነው የምትመስለው። መዋጥ ያቃታት ግን በዚሁ በእብድ ውሻ በሽታ ነርቯ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። እጅ ላይ ደግሞ ከሥራ የመጣ ጭረት አይጠፋም።

ከሌሎቹ ለይተው ይሰሯት፣ ልጆች አይጠጓት፣ በአቅራቢያ ያለ የእንስሳት ሐኪም ዛሬ ይያት። ባለፉት ወራት ውሻ ወይም ቀበሮ ነክሷት እንደሆነ ያስታውሱ። አትታለብ፣ ሥጋዋ ይበላል ተብሎም አትታረድ፤ በማረድ ጊዜ አንጎልና ምራቅ የሚነካው ሰው ነው የሚጋለጠው። የፈላ ወተት ያሳስብዎት አይደለም፣ ቫይረሱ ሙቀት አይችልም። እስካሁን አፏን ወይም ለሃጯን የነካ ሰው ካለ ግን ሲስተር እንዳሉት ታጥቦ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የመንደር ሽማግሌ

ልጆቼ፣ ይሄ ሁሉ መከራ የሚመጣው ከባለቤት አልባ ውሻ ነው። ለምን ተሰብስበን አንገድላቸውም? አንዴ ጨርሰን እፎይ እንላለን።

የከብት ሐኪም

አባቴ፣ ሐሳብዎ ከሕመም የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን ተሞክሮ አልሠራም። በኢንዶኔዢያ ፍሎሬስ በምትባል ደሴት በሽታው በእ.ኤ.አ. 1997 ሲገባ እጅግ ብዙ ውሻ ተገደለ። በሽታው ግን ደሴቲቱ ላይ ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ውሻውን ለማትረፍ ይደብቃል፣ ወደ ሌላ መንደር ያሸሻል፣ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። የተከተቡትም ይገደላሉ። ባዶው ቦታ ላይ ደግሞ ያልተከተበ አዲስ ውሻ ይመጣል።

በሌላ በኩል ሜክሲኮን ይዩ። በእ.ኤ.አ. 1990 ከውሻ በመጣ በሽታ 60 ሰው ተይዞባቸው ነበር። ውሾቹን በየዓመቱ በነፃ በብዛት ከተቡ። በ1999 ወደ 3 ወረደ፣ በ2006 ዜሮ ሆነ። ከውሻ የሚመጣው በሽታ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላቸው። በዓለም ላይ ዛሬም በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገመታል፣ ከእነዚህም 99 በመቶው ከውሻ የመጣ ነው። ስለዚህ ውሻውን መከተብ ማለት ሰውን መከተብ ነው።

የሚያስፈልገው ከመንደሩ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። ያን ያህል ከተከተበ በሽታው የሚሸጋገርበት ውሻ ያጣል። አንድ ዓመት ተከትቦ ሁለተኛው ከተዘለለ ግን አሮጌዎቹ ሞተው፣ አዳዲስ ቡችሎች ተወልደው ከሰባው በታች ይወርዳል። "ባለቤት አልባ" ከምንላቸውም ብዙዎቹን እኮ የሚያበላቸው፣ ሲጠራቸው የሚመጡለት ሰው አለ። ያንን ሰው ካገኘን ውሻው ይያዛል።

የመንደር ሽማግሌ

እሺ፣ ካላችሁት አንፃር ልክ ነው። እኔ ሰው ለመሰብሰብ እችላለሁ። ክትባቱን ማን ያመጣል?

የከብት ሐኪም

አካባቢዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ቢሮ ይጠይቁ። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ስለሆነ ብዙ ቦታ ዘመቻው በዚያ ሰሞን ይደረጋል። ሲጠይቁ "ውሻችን ይሄን ያህል ነው" ብለው ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ ቁጥር ያለው መንደር ቶሎ ይደመጣል።

የገጠር መምህር

ከጤና ጣቢያ እየተመለስን ነው። ሁለቱንም አግኝቷል። ኢሚውኖግሎቡሊኑ ቁስሉ ውስጥ ሲወጋ ጮኸ፣ ክንዱ ላይ ሲወጋ ግን ዝም አለ። አባቱ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከቶታል። ከዚያች ቡችላ ጋር ሲጫወቱ የነበሩ ሌሎች ልጆች እንዳሉም መንገድ ላይ ልጁ ነገረን።

የጤና ጣቢያ ሲስተር

እግዚአብሔር ይመስገን። እነዚያን ልጆች ዛሬ ማታ በየቤታቸው ይጠይቋቸው፣ ነገን አይጠብቁ። ግን አጠያየቁ ላይ ይጠንቀቁ። "ነክሶሃል?" ካሏቸው "አልነከሰኝም" ነው የሚሉት፣ ቁጣ ይፈራሉ። "ማን ማን ነው አቅፎት የነበረ? ማንን ላሰው? ጥርሱ የነካው ማንን ነው?" እያሉ እያጫወቱ ይጠይቁ። እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን በብርሃን ይዩ። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ናቸው፤ ብዙዎቹም በፍርሃት ይደብቁታል።

የገጠር መምህር

እሺ ሲስተር። አባትየው አብሮኝ ይዞራል፤ ወላጆቹን እኔ አናግራለሁ ብሏል።

የአዋቂ ልጅ

እኔም ጎረቤት መንደር ነው ያለሁት፣ መምህሩን አውቃቸዋለሁ። አባቴን አነጋግሬዋለሁ። ከእንግዲህ የሚመጣበትን ሰው መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚልክ ነግሮኛል። የጤና ጣቢያውን ስልክ ቁጥር ማግኘት ይፈልጋል። ሲስተር፣ በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።

የጤና ጣቢያ ሲስተር

ልኬልሃለሁ። አባትህን ሰላም በልልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ።